አርቲቾክ፦ ከቢላዋ እስከ ድስት

በካሊፎርኒያ፣ በሮም ወይም በቴል አቪቭ አትክልት ተራ የሚመላለስ ሰው፣ ቅርፊት በቅርፊት ላይ የደረበ፣ እንደ ጡጫ የተጨበጠ አረንጓዴ ነገር ማየቱ አይቀርም። አርቲቾክ ነው። ብዙ ሰው በዘይት ተነክሮ በጠርሙስ የታሸገውን ይገዛል፤ ትኩሱን ግን «ይህ ደግሞ ከየቱ ይበላል?» ብሎ ያልፈዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የአርቲቾክ አብዛኛው አካል አይበላም። ሥራውም ያለው ከምድጃው ይልቅ ከቢላዋው ላይ ነው፤ ማጽዳቱን የቻለ ሰው ማብሰሉ አያቅተውም።

የምንበላው ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። ሳይቆረጥ ቢቆይ ፈንድቶ ደማቅ ሐምራዊ አበባ ያወጣል። ተክሉ ከኮሸሽላ ወገን ሲሆን፣ ለጾም ፍትፍት የምንወቅጠው ባለ እሾሁ ሱፍ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ኑግም በሩቁ ይዛመደዋል። ሱፍ ያጨደ ገበሬ አርቲቾክ ቢያይ እንግዳ አይሆንበትም። አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ነው፤ ጣሊያን፣ ግብፅና ስፔን በብዛት ያመርቱታል። በአሜሪካ የሚመረተው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከካሊፎርኒያ ይመጣል። ንግዱ ትርፍ ነበረውና ማፍያም ገብቶበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የኒው ዮርኩ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላ ጓርዲያ ወንበዴዎቹን ለመምታት በከተማዋ አርቲቾክ እንዳይሸጥ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ክልከላው ግን ብዙም አልቆየም።

ሲገዙ ከመልኩ ይልቅ ክብደቱን ይመዝኑ። ጥሩው በእጅ ሲይዙት ይከብዳል፣ ቅርፊቶቹ ገጥመው የተዘጉ ናቸው፣ ጨበጥ ሲያደርጉት ሲጥ ይላል። የተከፈተውና የቀለለው አርጅቷል፤ ውስጡ በጭገር ተሞልቷል ማለት ነው። ውርጭ የነካው ቡናማ ጠባሳ ግን አያስፈራ፤ ጣዕሙን አይጎዳውም።

ከመቁረጥ በፊት አንድ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ይዘጋጃል። አርቲቾክ እንደተቆረጠ አየር ሲያገኘው ይጠቁራልና የተላጠው ሁሉ ወዲያው ወደዚህ ውሃ ይገባል። በአሉሚኒየም ወይም በተራ ብረት ድስት ከተቀቀለም መልኩ ይበላሻል፤ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ድስት ይሻላል።

ለጀማሪ የምመክረው ሙሉውን መቀቀል ነው። ከጫፉ ሲሶ ያህሉ በስለታም ቢላዋ ይቆረጣል፣ የቀሪዎቹ ቅርፊቶች እሾህ በመቀስ ይከረከማል፣ ጨው ባለበት ውሃ ተቀቅሎ ወይም በእንፋሎት ይበስላል። ትልቁ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈልጋል። መብሰሉ የሚታወቀው አንድ ቅርፊት ሲሳብ ሳያስቸግር ሲወጣ ነው። ከዚያ በእጅ ነው የሚበላው፦ ቅርፊቱን ነቅሎ፣ ወፍራም ሥሩን መጥቀሻ ውስጥ ነክሮ፣ በጥርስ ጋጥ አድርጎ ሥጋውን ማስቀረት፣ የቀረውን መጣል። ፈረንሳዮች ዘይት፣ አቼቶና ሰናፍጭ በጥብጠው ያጠቅሱበታል፤ የእኛ ሰናፍጭም በወይራ ዘይት ቀጠን ቢል ያው ነው። ቅርፊቶቹ ሲያልቁ ጸጉራም ጭገር ብቅ ይላል። ይህ ጉሮሮ ይይዛልና በማንኪያ ተፍቆ ይጣላል። ከሥሩ የሚቀረው ጠፍጣፋ ሥጋ (ልቡ) ግን ሁሉም ድካም የተከፈለለት ነው፤ ለእንግዳ ሳይሰጡት ቢበሉትም አልፈርድም።

ከሁሉ የምወደው ግን የሮማውያኑን አሠራር ነው። የሮም አርቲቾክ ክብ፣ እሾህ የሌለውና ጭገሩም እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን ውስጡ በማንኪያ ይጸዳል። የውጩ ጠንካራ ቅርፊት አንድ በአንድ ይነቀላል። እዚህ ላይ እጅ የሚያጥርባቸው ብዙዎች ናቸው፤ «ይህን ያህል ልጣል?» ይላሉ። ይጣል። ፈዛዛ ቢጫ፣ ለስላሳ ቅጠል እስኪመጣ መንቀል ነው፤ የተተወ ጠንካራ ቅርፊት ምንም ቢበስል እንጨት እንደሆነ ይቀራል። ጫፉ ይቆረጣል፤ ግንዱ ግን አይጣልም፤ ልጣጩ ሲነሣለት ውስጡ ከልቡ እኩል ይጣፍጣል። በደቃቁ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ፐርሰሜሎ፣ ናናና ጨው ተደባልቆ በቅጠሎቹ መካከል ይጠቀጠቃል። ሮማውያን የሚጠቀሙት የራሳቸውን የዱር ናና ቢሆንም የቤታችንም ያገለግላል፤ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አነስ ይበል። ከዚያ አርቲቾኮቹ ጭንቅላታቸው ወደ ታች፣ ግንዳቸው ወደ ላይ ሆኖ ተጠጋግተው ድስት ውስጥ ይቆማሉ። የወይራ ዘይት ሳይሰሰት ይፈስሳል፣ ውሃ እስከ ሲሶ ቁመታቸው ይጨመራል፣ ተከድኖ በዝግታ እሳት 30 እስከ 40 ደቂቃ ይበስላል። ውሃው ሲመጥጥ ዘይቱ ይቀራል፤ ያ ዘይት በዳቦ ይጠረጋል። ከሙቁ ይልቅ ለብ ብሎ፣ እንዲያውም አድሮ ይጣፍጣል። በርበሬ ግን ይቅርበት፤ የአርቲቾክ ጣዕም ስስ ስለሆነ ይዋጣል።

ሌላው የሮም ስመ ጥር አሠራር የአይሁዶቿ ነው። እ.ኤ.አ. በ1555 የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ በቅጥር በታጠረ ሰፈር ካጎሯቸው በኋላ በዚያው ሰፈር የዳበረ ምግብ ነው። ሙሉው አርቲቾክ በመካከለኛ ሙቀት ዘይት ይጠበሳል፣ ወጥቶ ቅጠሎቹ ይዘረጋሉ፣ ከዚያ በጋለ ዘይት ደግሞ ይጠበስና ተንኮሻኩሾ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የእስራኤል ዋና ራቢዎች ጽሕፈት ቤት «በቅጠሎቹ መካከል ነፍሳት ይደበቃሉ» ስለዚህ ምግቡ በአይሁድ የአመጋገብ ሕግ አይፈቀድም ሲል፣ የሮም አይሁዶች የራሳቸው አርቲቾክ ቅጠሉ ስለገጠመ ምንም አይገባበትም ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ። ቤት ውስጥ ግን ብዙ ዘይት ያስወጣል፣ ይረጫል፤ ምግብ ቤት ገብቶ መብላቱ ይሻላል።

ጠረጴዛ ላይ የሚያስገርም ነገርም አለው። ከአርቲቾክ በኋላ የተጠጣ ንጹሕ ውሃ ለብዙ ሰው ይጣፍጠዋል። ምክንያቱ ሲናሪን የተባለው ንጥረ ነገር የምላስን ጣዕም ለጥቂት ጊዜ ስለሚለውጠው ነው። የወይን ጠጅንም ጣዕም ስለሚያበላሽ ውሃ ቢቀርብ ይበቃል።

በጣሊያን የሮሙ አርቲቾክ ወቅት በዋናነት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፤ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገናኛል። ሮማዊው አሠራር ቅቤም ሥጋም የለውምና፣ ምስር ወጥና ሽሮ ብቻ የሰለቻችሁ በዚያ የምትኖሩ ጾመኞች አራት ፍሬ ገዝታችሁ ሞክሩት።