የልጅ አሳዳጊነትና የቀለብ ክርክር በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ

የልጅ አሳዳጊነትና የቀለብ ክርክር ወላጆች ሲለያዩ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ወጪውንም ማን ምን ያህል እንደሚሸፍን የሚወሰንበት የፍርድ ሂደት ነው። መተማ በምዕራብ ጎንደር ዞን በሱዳን ድንበር የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፣ የሚሠራበትም የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ነው።

የአሠራሩ ለውጥ

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ፍቺን የሚያዩት የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ነበሩ። ከባድ ምክንያት ከሌለ በስተቀር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ለእናቱ ይሰጥ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ደነገገ።

የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ የሽማግሌዎችን ድርሻ በማስታረቅ ወሰነ። ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም ይመዝናል። የፍቺ ጥያቄ እንደቀረበም ስለ ልጁ አጠባበቅና ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ሁኔታው ከተለወጠ ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል። የክልሉ ሕግ በአመዛኙ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ፣ ልጁ ከወላጅ አባቱ ይልቅ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ አድርጓል። ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል።

በድንበሩ አካባቢ

በመተማና በቋራ የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች የሚሠሩ ብዙ የቀን ሠራተኞች በየወቅቱ ከደጋው ይመጣሉ፤ ወደ ሱዳን የሚሻገሩም አሉ። ቀለብ የሚወሰነው በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ልክ በመሆኑ፣ ገቢው ወቅታዊ፣ አድራሻውም ተለዋዋጭ የሆነን ወላጅ መጥሪያ ማድረስም ሆነ አቅሙን ማስረዳት ይከብዳል። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሱዳን ውስጥ በራሱ አይፈጸምም፤ ከፋዩ ኢትዮጵያ ውስጥ ባለው ንብረት ላይ ግን አፈጻጸም ሊጠየቅ ይችላል። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ አለመስጠት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ያስቀጣል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት፣ የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ፣ ለምሳሌ በሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ሊታይ የሚችለው ሁለቱም ተከራካሪዎች ሲስማሙ ብቻ ነው።