ቦታን የሚያስታውሰው ሞገድ

ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1924 ከመዘገበ መቶ ዓመት አለፈ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። በሞገዱ ዙሪያ ከሚነሱት ጥያቄዎች እኔን የሚይዘኝ አንዱ ነው፦ ጉም መንዝን ሲሸፍን ከዘመሮ ገበያ የሚመለስ ሰው የቤቱን አቅጣጫ የማይስተው አንጎሉ ምን እየሠራለት ነው?

መነሻውን ባጭሩ ልለፈው። ጆን ኦኪፍ በ1971 ሂፖካምፐስ በተባለው የአይጥ አንጎል ክፍል ውስጥ እንስሳዋ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ የሚነቁ ህዋሳት አገኘ። ባልና ሚስት የነበሩት ሞዘሮች በ2005 ቦታን እንደ መረብ የሚሸነሽኑትን ጨመሩ፤ ሦስቱም በ2014 ኖቤል ተጋሩ። እነዚህ ህዋሳት ቴታ ከተባለው፣ በአይጥ በሰከንድ ስምንት ጊዜ ገደማ ከሚመላለሰው ሞገድ ጋር ተናበው ይሠራሉ። ጆናታን ዊንሰን በ1978 ቴታ የጠፋባቸው አይጦች የተማሩትን ቦታ መለየት እንዳቃታቸው አሳየ።

ነገሩ ያለቀ ሲመስል የሌሊት ወፍ መጣች። በ2011 የናሁም ኡላኖቭስኪ ቡድን በግብፅ የሌሊት ወፍ አንጎል መረቡን አገኘ፤ የማያቋርጥ ቴታ ግን የለም! በዚያው ዓመት ሌሎች በአይጥ ላይ ቴታን ሲያዳክሙ መረቡ ፈረሰ። የቴታ ወገኖች «ህዋሳቱ የሚነቁት አልፎ አልፎ ስለሆነ ምቱ ተሰውሮ ነው» ሲሉ ተከራከሩ። የኡላኖቭስኪ ቡድን በ2018 የሌሊት ወፏ ህዋሳት ወጥ ባልሆነ ሞገድም ጊዜያቸውን እንደሚጠብቁ አሳየ። እኔ በዚህ ክርክር ለሌሊት ወፏ አደላለሁ፦ ወሳኙ መናበቡ እንጂ የምቱ ወጥነት አይመስለኝም። የሚጥል በሽታን ለማከም ኤሌክትሮድ ከገባላቸው ሰዎች የተገኘውም ወደዚሁ ያዘነብላል፤ የእኛ ቴታ ከአይጥ ይልቅ ዝግ ያለና የሚቆራረጥ ነው።

ጠንካራው ማስረጃ ግን ከእረፍትና ከእንቅልፍ የመጣ ነው። አይጥ ስታርፍ ሂፖካምፐሷ ፈጣን፣ አጫጭር ሞገዶችን ይረጫል፤ በእነሱም የተጓዘችበትን መንገድ ይደግመዋል። በ2009 እነዚህ ሞገዶች የታፈኑባቸው አይጦች ቦታ በመማር ወደ ኋላ ቀሩ፤ በ2019 ሲረዝሙላቸው ማስታወሳቸው ተሻሻለ። ሞገዱን ነክቶ ውጤቱን ማየት ማለት ይህ ነው።

በሰከንድ 40 ጊዜ በሚርገበገብ ብርሃን የመርሳት በሽታን ስለማከም የሚወራው ሌላ ነው። የ2016ቱ የአይጥ ውጤት ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በ2023 የጆርጂ ቡዝሳኪ ቤተ ሙከራ ሲደግመው አላገኘውም። ነገሩ እስኪጣራ እንዲህ ያለ መብራት የሚሸጥልዎ ቢመጣ ገንዘብዎን አያውጡ።