ወደ ቆላ ለሚወርድ መኪና፤ ስለ ራዲያተር ውሃ መንጠባጠብ



ለሥራ ጉዳይ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ መተማ፥ ወይም የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ገለጉ የሚወርድ ሰው፥ ስንቁንና ወረቀቱን አሰናድቶ መኪናውን ሲያስነሣ፥ መኪናው ባደረበት መሬት ላይ መዳፍ የምታህል እርጥበት ቢያይ ብዙውን ጊዜ ልብ ሳይላት ያልፋል። ልብ ቢላትም «ጥቂት ውሃ ናት፤ እየጨመርን እንሄዳለን» ይላል። በዛሬው ንግግራችን ስለዚህች እርጥበት ጥቂት ለማስረዳት አስበናል። በደጋ ከተማ ውስጥ ለወራት ጉዳት ሳታሳይ የኖረች ጠብታ፥ በቆላ መንገድ በአንድ ቀን ሞተር ልታበላሽ ትችላለችና።

ነገሩ የሚመለከተው ጥቂት ሰው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፥ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን ያገለግሉን ዘንድ ግድ ሆኗል።

አስቀድመን ስለ ራዲያተሩ ክዳን እንናገር። ብዙ ሰው ይህን ክዳን ውሃው እንዳይፈስ ብቻ የተደረገ መግጠሚያ ይመስለዋል። ሥራው ግን ሌላም አለበት፤ ይኸውም ውሃው ሲሞቅ የሚፈጠረውን እንፋሎት አምቆ ግፊት እንዲያድርበት ማድረግ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በጎንደር ከፍታ ግን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር ውሃ ደግሞ በደኅና ቀን እንኳ 90 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። እንግዲህ ክዳኑ ግፊቱን አምቆ መፍያውን በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ባያደርገው ኖሮ፥ መኪናው ገና ከከተማ ሳይወጣ ይፈላ ነበር። ስለዚህ አንዲት ቀዳዳ የምታሳጣን ውሃውን ብቻ አይደለም፤ ግፊቱንም ነው። «ጥቂት ውሃ ናት» የሚለው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ጎንደርና አይከል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲገኙ፥ ገንዳ ውሃን አልፎ የሚደረስባት መተማ ከ800 ሜትር በታች ናት። ቁልቁለቱ ሞተሩን ስለማያደክመው የሙቀቱ መርፌ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሾፌሩም ይዘናጋል። ራዲያተር ሙቀትን የሚያወጣው ከአየሩ በሚበልጥበት መጠን ነው። አየሩ 20 ዲግሪ በሆነበት በደጋ፥ 90 ዲግሪ የሞቀው ውሃ ከአየሩ በ70 ዲግሪ ይበልጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ አየሩ 40 ዲግሪ በሚደርስበት በገለጉ ግን ብልጫው 50 ዲግሪ ብቻ ነው። ያው ራዲያተር፥ ያው ሞተር፥ ኃይሉ ግን ሲሶ ሊጎድል ጥቂት ሲቀረው! ከዚያም በኋላ ጭነት ይዞ ያንን ሁሉ ዳገት መመለስ አለ።

እኔም በበኩሌ አንድ ወር ሙሉ በየማለዳው የቧንቧ ውሃ እየጨመርሁ፥ ውሃው የት እንደሚሄድ ሳልፈልግ መኖሬን አልሸሽግም። ፍለጋው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

ፍለጋው እንዲህ ነው። ማታ ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን ይነጠፋል። ማለዳ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፥ ጠብታው ካረፈበት ነጥብ ተነሥቶ በባትሪ ብርሃን ወደ ላይ መፈለግ ነው። ውሃው ደርቆ ቢገኝም አረንጓዴ ወይም የዝገት መልክ ያለው ቅርፊት ትቶ ይሄዳልና መንገዱ አይጠፋም። በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የጎማ ቱቦዎቹ ጫፎች ናቸው። ማሠሪያው ላልቶ ከሆነ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ጎማውን እስኪቆርጥ መሆን የለበትም። ቱቦው ጫፉ ላይ ብቻ ተሰንጥቆ ርዝመቱ ከተረፈ፥ የጣት ውፍረት ያህል ቆርጦ፥ የሚገባበትን አንገት ከዝገት ጠርጎ መልሶ ማሠር ይቻላል። ሲጫኑት የሚንኮሻኮሽ ወይም እንደ ስፖንጅ የላላ ቱቦ ግን ዕድሜው አልቋልና ይለወጥ። ውሃው ከውሃ ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ከሆነ፥ የፓምፑ ውስጣዊ መግጠሚያ አልቋል ማለት ነውና ቀዳዳዋን መድፈን ከንቱ ነው። የመዳብና የነሐስ ራዲያተር በደኅና ባለሙያ ይበየዳል፤ የአሉሚኒየሙና የፕላስቲኩ ግን ብዙውን ጊዜ መለወጥን ይጠይቃል። በውጭ ምንም ሳይታይ ውሃው የሚጎድል፥ ጭሱም ነጭ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ያለው፥ ዘይቱም ወተት የመሰለ እንደ ሆነ፥ ነገሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነውና ጉዞው ይቅር።

ቀዳዳን ይደፍናል ተብሎ በራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ዱቄትም በገበያ አለ። በሌላ አገር ያሉ ሾፌሮች እንቁላልና ቁንዶ በርበሬ ጭምር ይሞክራሉ። ችግሩ ዱቄቱ ቀዳዳውን ከደጉ ቧንቧ ለይቶ አለማወቁ ነው፤ የራዲያተሩንም ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደፍናል።

በመንገድ ላይ ቢደርስስ? መርፌው ሲወጣ መኪናውን ጥግ አስይዞ ሞተሩን ማጥፋት፤ ክዳኑን ግን አለመንካት! ታምቆ የነበረው ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ፈልቶ ፊትና እጅ ይልጣል። የላይኛውን ቱቦ በእጅ ጨብጦ መቆየት እስኪቻል ድረስ ይጠበቅ፤ ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ፥ ፊትን መልሶ፥ በቀስታ መክፈት ነው። የተሰነጠቀውን ቱቦ አድርቆ፥ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ረጅም ገመድ እየለጠጡ ደራርቦ መጠቅለልና ጫፎቹን በሽቦ ማሠር፥ ቀስ ብሎ ለሚሄድ መኪና እስከ ቀጣዩ ከተማ ሊያደርስ ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ አይፈስስም፤ ብረቱን ይሰነጥቃልና።

ለጉዞው የሚያዘው ውሃ ሁለት ጀሪካን ይሁን፤ አንዱ ለሰው፥ አንዱ ለመኪና። በዚያ ሙቀት የሰውን ውሃ ለራዲያተር አጠጥቶ፥ መኪናው ባይነሣ ያለ መጠጥ መቅረት ከሞተር መቃጠል የከፋ አደጋ ነው። ለመኪናው የሚያዘውም የኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ቅልቅል ቢሆን ይመረጣል። ውርጭ በሌለበት በቆላ ኩላንት ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ፤ ዝገትን ይከላከላል፥ የመፍያውንም ልክ ከፍ ያደርጋል። ሆኖም ጣፋጭ መርዝ ስለ ሆነ፥ ጀሪካኑ ምልክት ይደረግበት፤ ከራዲያተር የወጣውም ሕፃናት፥ ውሾችና ከብቶች በሚደርሱበት ሥፍራ አይደፋ።