አረጋውያን ሽንት መቆጣጠር ሲያቅታቸው፦ አስታማሚዎቹንስ ማን ያስታምማቸው?

አረጋዊ ወላጅ ያለበት ቤት በረካ ያለበት ቤት ነው እንላለን፤ እውነትም ነው። ነገር ግን እናት ወይም አባት ሽንታቸውን መቆጣጠር ሲያቅታቸው በቤቱ ውስጥ ሀፍረትና ዝምታ ይገባል። ሌሊት ተነሥታ አንሶላ የምትቀይር፣ ሲነጋ የምታጥብ፣ ቀን ደግሞ የዘወትር ሥራዋ የሚጠብቃት አንዲት ሰው ግን አለች። ብዙውን ጊዜ ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ስለ አዛውንቱ ጤና የሚጠይቅ አይጠፋም፤ እርሷን “አንቺስ እንዴት ነሽ?” የሚላት ግን ጥቂት ነው። በዛሬው ዓምዳችን ሁለቱንም አብረን እናያለን፤ ምክንያቱም የአዛውንቱ ችግር መላ ካላገኘ አስታማሚዋ አታርፍም፤ እርሷ ከደከመች ደግሞ የአዛውንቱ አያያዝ ይጓደላል።

አስታማሚዋን የሚጎዳት ምንድን ነው?

የመጀመሪያው የእንቅልፍ እጦት ነው። አዛውንቱ በሌሊት 3 እና 4 ጊዜ ሲነሡ እርሷም ትነሣለች። ይህ ለሳምንታት ሲቀጥል ራስ ምታት፣ መርሳትና ቶሎ መቆጣት ይመጣል፤ እርሷ ራሷ ደም ግፊት ወይም ስኳር ካለባት ይብስባታል። ሁለተኛው ከማንሣትና ከማገላበጥ የሚመጣ የወገብ ሕመም ነው። ሦስተኛው ወጪ ነው፤ ዳይፐሩ፣ ሳሙናው፣ ውኃው። አራተኛው ብቸኝነት ነው፤ ቤቱ ይሸታል ብላ እንግዳ ትሸሻለች፣ ሰርግና ለቅሶም ትቀራለች።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የልብ ጭንቀት ነው። ደክሟት ትቆጣለች፤ ወዲያው ደግሞ “ወላጄን አስቀየምኩ” ብላ ታለቅሳለች። በወላጆች ላይ የማማረር ቃል እንኳ ከአፋችን እንዳይወጣ መታዘዛችንን ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ለመጠበቅ ሶብር ያስፈልጋል፤ እንቅልፍና ረዳት ያገኘ ሰው ደግሞ ሶብሩ ይበረታል።

“የእርጅና ነገር ነው” ብላችሁ አትተዉት

እርጅና የሽንት ፊኛን ያደክማል። ሆኖም ብዙው የሽንት ማምለጥ ሊታከም ወይም ሊቀንስ የሚችል ምክንያት አለው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ እንዴት እንደሚያመልጣቸው ብትነግሩት ምክንያቱን ለማግኘት ይረዳዋል፦

1. ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም ዕቃ ሲያነሡ የሚያመልጥ ከሆነ ሽንትን የሚይዙት ጡንቻዎች ላልተዋል ማለት ነው። ብዙ በወለዱ እናቶች ላይ ይበዛል።
2. ሽንቱ በድንገት አጣድፏቸው መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ የሚቀድማቸው ከሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ ስትሮክ ወይም የፊኛው ያለጊዜው መኮማተር ሊሆን ይችላል።
3. ሳይቋረጥ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ፊኛው ሞልቶ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በወንዶች ላይ ዋናው ምክንያት የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ ነው።
4. ሽንቱ የሚበዛና ውኃ ጥም ያለበት ከሆነ ስኳር ይመርመሩ።

ከአስቸጋሪ ወሊድ ጀምሮ ለዓመታት ሽንት የሚፈሳቸው እናቶችም አሉ። ይህ ፌስቱላ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜ ከገፋ በኋላም ይታከማል። በ1974 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአዲስ አበባው ሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ይህንን ሕክምና በነፃ ይሰጣል፤ ሐረርንና ባሕር ዳርን በመሳሰሉ የክልል ከተሞችም ማዕከላት አሉት።

ሽንቱ ደም ከቀላቀለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ጭራሽ አልወርድ ካለ፣ አዛውንቱ በድንገት ከተቀባበጣሩ ወይም እግራቸው ከዛለ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

የሚወስዱትን መድኃኒት አሳዩ

እኔ በምሠራበት ፋርማሲ፣ ሌሊቱ አላስተኛ ሲላቸው ለአዛውንቱ የእንቅልፍ ኪኒን የሚጠይቁ ቤተሰቦች ያጋጥሙኛል። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ነገር ግን እንደ ዳያዚፓም ያለ መድኃኒት አዛውንቱን ስለሚያደነዝዛቸው ሽንታቸው ሲመጣ አያውቁትም፤ ሲነሡም ሊወድቁና ዳሌያቸው ሊሰበር ይችላል። ያን ጊዜ የአስታማሚዋ ሸክም እጥፍ ይሆናል።

ይልቅ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑና ጠይቁ። ላሲክስ (ፉሮሴማይድ) ከተዋጠ በኋላ ሥራውን በ1 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ ለ6 ሰዓት ያህል ይቆያል። ማታ የወሰዱት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለሱ ያድራሉ፤ ጧት ቢወስዱት ግን ሊያርፉ ይችላሉ። የደም ግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ሳሉ ደግሞ ሽንቱን ያስመልጣል። እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ የጉንፋን ኪኒኖችና አሚትሪፕቲሊን ፕሮስቴት ባለባቸው አባቶች ላይ ሽንት ሊያግዱ ይችላሉ። ሐኪሙን ሳታማክሩ ግን መድኃኒት አታቋርጡ፤ ሰዓቱንም አትቀይሩ።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

• ውኃ አትከልክሏቸው። ውኃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፤ ፊኛውን ይቆጠቁጣል፤ ሽታውም ይብሳል፤ ድርቀትም ይከተላል። የልብ ወይም የኩላሊት ሐኪም ካልገደባቸው በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ይጠጡ። ከመኝታ በፊት ባሉት 2 ወይም 3 ሰዓታት ግን ይቀንሱ።
• ቡናና ሻይ ሽንት ያጣድፋሉ። ከዐስር ሶላት በኋላ ያለው ቡና ቢቀር ሌሊቱ ይቀላል።
• ሽንቱ እስኪያጣድፋቸው ሳትጠብቁ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ መጸዳጃ ቤት ውሰዷቸው። ከውዱእ ጋር ብታያይዙት ለማስታወስ አይከብድም።
• እግራቸው የሚያብጥ ከሆነ ከሰዓት በኋላ እግራቸውን ከፍ አድርገው ይረፉ። በእግር የተጠራቀመው ፈሳሽ ሲተኙ ወደ ሽንት ይለወጣልና።
• መጸዳጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ለሌሊት ፖፖ አልጋቸው አጠገብ አስቀምጡ፤ ትንሽ መብራትም ይኑር። ከቀበቶና ከቁልፍ ይልቅ በላስቲክ የሚታሰር ልብስ ይሻላል።
• ፍራሹን በላስቲክ ሸፍኑ፤ በላዩ የታጠፈ አሮጌ አንሶላ አድርጉ። ሌሊት እርሱን ብቻ መቀየር ይበቃል።
• ዳይፐር እንደረጠበ ቀይሩ። ገላቸውን ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ ሳትፈትጉ አድርቁ፤ ቫዝሊን በስሱ ቀቡ። ስታጥቧቸው ገላቸው እንዳይጋለጥ በሽርጥ ሸፍኑ።
• የማሕፀን አካባቢ ጡንቻን የማጠንከር ልምምድ ለእናቶች በጣም ይጠቅማል። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ጥቂት ሰከንድ አጥብቆ መልቀቅ ነው፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ። ለውጡ እስኪታይ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል።

ሶላታቸው አይስተጓጎል

ብዙ አረጋውያንን የሚያስጨንቃቸው ጦሃራቸው ነው። “ነጃሳ ሆንኩ” ብለው መስጊድ ይቀራሉ፤ ሌሎቹ አሥር ጊዜ ካልታጠብኩ ይላሉ፤ አስታማሚዋም አብራ ትንገላታለች። ሽንቱ ሳያቋርጥ የሚፈሰው ሰው ግን ዑዝር አለው። ብዙዎቹ ዑለማዎች እንደሚያስተምሩት ወቅቱ ከገባ በኋላ ይታጠባል፣ ጨርቅ ወይም ፓድ ያደርጋል፣ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለፈቃዱ የሚወጣው ሶላቱን አያበላሽበትም። አልፎ አልፎ የሚያመልጣቸው ሰዎች ሁኔታ ስለሚለይ የመስጊዳችሁን ኡስታዝ ጠይቁላቸው። አስታማሚዋም ለሶላት የተለየ ልብስ ብታስቀምጥ ይቀላታል።

ሸክሙ የአንድ ሰው አይሁን

ወላጅን መንከባከብ የልጆች ሁሉ ግዴታ ነው። ወንድምና እህቶች ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ዓረብ አገር ያለችው እህት ለዳይፐሩና ለሕክምናው ትላክ፤ በቅርብ ያለው ወንድም በሳምንት ሁለት ሌሊት አባቱ ጋር ይደር፤ ባል ሚስቱን “ዛሬ አንቺ ተኚ፣ እናቴን እኔ አያለሁ” ይበላት። እናንተ አስታማሚዎችም እርዳታ መጠየቅን እንደ ምሬት አትቁጠሩት። ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍና ምግብ ከጠላችሁ፣ ሁልጊዜ ለቅሶ ለቅሶ ካላችሁ ወይም እጃችሁ በአዛውንቱ ላይ ሊሰነዘር እንደሆነ ከተሰማችሁ ለቤተሰብ ተናገሩ፤ ለራሳችሁም ሐኪም አማክሩ።

አላህ ለአረጋውያኖቻችን ዓፊያውን፣ ለአስታማሚዎቻቸውም ሶብሩንና ምንዳውን ይስጥልን። አሚን!