ዘንባባውና ዐመዱ

በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኝ በአንድ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ረቡዕ ጧት የሆነውን ትንሽ ነገር እናስታውሳለን። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በግንባሩ ላይ በመስቀል ምልክት የተቀባ ዐመድ ይዞ ገባና እንደ ወትሮው እጅ ነሥቶ ከወንበሩ ተቀመጠ። ከአጠገቡ የሚሠራው ባልደረባው ለአገሩም ለቋንቋውም እንግዳ ስለ ነበረ፣ መሐረቡን ከኪሱ አወጣና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግንባርዎን ዐመድ ነክቶታል፤ ይጥረጉት» አለው። ሰውየውም መሐረቡን በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገነ፤ ነገር ግን ግንባሩን አልጠረገም። መሐረቡን አጥፎ በጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ «እግዜር ይስጥልኝ። ይህስ የነካኝ ሳይሆን የተቀበልሁት ነው፤ በምሳ ሰዓት እነግርዎታለሁ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

እኛም በዚያ ቀን በአንድ ገበታ ስለ ነበርን የተነገረውን ሁሉ ሰማን። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ደጋግመን ስናስበው፣ የአንድ ሕዝብ ቋንቋ የሚታወቀው በሰዋስው መጽሐፍ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። ሰዎች መቼ እንደሚጾሙና መቼ እንደሚፈስኩ፣ በየትኛው ቀን እንደሚደሰቱና በየትኛው ቀን ዝም እንደሚሉ ያላወቀ ሰው ቃሉን ቢያውቅም ነገሩን አያውቅም። ስለዚህ ካቶሊካውያን ጎረቤቶቻችን ዓመቱን እንዴት አድርገው እንደሚያሳልፉትና በየቤታቸው ምን ምን ልማድ እንደሚጠብቁ ጥቂት ለመናገር አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ዐመዱ እንናገር። ያ ዐመድ ከምድጃ የተዛቀ ተራ ዐመድ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት በሆሣዕና እሑድ ተባርኮ ለምእመናን የታደለው ዘንባባ ነው። በሆሣዕና ቀን ሕዝቡ ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም በገባ ጊዜ የተደረገለትን አቀባበል እያሰበ፣ ዘንባባ ይዞ እየዘመረ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ዘንባባው አይጣልም፤ የተባረከ ስለ ሆነ ወደ ቤት ይወሰዳል። ልጆች ቀለበት እያደረጉ በጣታቸው ያስሩታል፤ እናቶች ደግሞ ቅጠሉን በመስቀል ቅርጽ አጥፈው ከሥዕል ጀርባ ይሰኩታል። በዚያም ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል፤ አረንጓዴነቱ ይገረጣል፣ ይደርቃል፣ አቧራም ይለብሳል። የዐቢይ ጾም መግቢያ ሲቃረብ ምእመናኑ በየቤታቸው ያለውን አሮጌ ዘንባባ እንዲያመጡ ይነገራቸዋል። የመጣው ዘንባባ ይቃጠላል፤ ዐመዱም በወንፊት ይነፋና በረቡዕ ቀን በእያንዳንዱ ሰው ራስ ወይም ግንባር ላይ ይደረጋል። ካህኑም ዐመዱን ሲያደርግ፣ ሰው ከአፈር እንደ ተገኘና ወደ አፈር እንደሚመለስ፣ ወይም ንስሓ መግባት እንደሚገባው የሚያሳስብ ቃል ይናገራል። እንግዲህ አምና በደስታ የተወዛወዘው ቅጠል ዘንድሮ የትሕትና ምልክት ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው።

ይህን ዐመድ የመቀበል ሥርዓት የሚፈጽሙት የላቲን ሥርዓት የሚከተሉት ካቶሊካውያን ናቸው። በአንዳንድ አገር በግንባር ላይ ይቀባል፤ በሌላው አገር፣ ለምሳሌ በኢጣልያ፣ በመኻል አናት ላይ ይነሰነሳል። የኮሮና ወረርሽኝ በዓለም በተስፋፋበት ጊዜ፣ በ2021፣ ከሮማ በወጣው መመሪያ መሠረት ካህናቱ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ቃሉን ለሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ ተናግረው፣ ዐመዱን በዝምታ ነሰነሱ። ልማዱ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም።

ሰውየው በምሳ ሰዓት የነገረን ግን ከዚህም የበለጠ ነበረ። በዚያ ቀን ሌሎቻችን ስንበላ እርሱ አንድ ቁራሽ ዳቦና ሻይ ብቻ ይዞ ተቀምጦ ነበር። እናቱ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ላይ ዐርፈው ነበር። ቤታቸውን ሲያጸዱ ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ በመስቀል ቅርጽ የታጠፈ ደረቅ ዘንባባ ተገኘ፤ በመጨረሻው ሆሣዕናቸው በእጃቸው አጥፈው የሰኩት ነው። እኅቶቹ ለመታሰቢያ እናስቀምጠው አሉ፤ እርሱ ግን እናቱ ዘንባባውን በየዓመቱ ለቤተ ክርስቲያን ይመልሱ ስለ ነበረ የእርሳቸውን ልማድ መፈጸም ይገባናል ብሎ ወሰደው። ዘንባባው ከሌላው ሰው ዘንባባ ጋር ተቃጥሎ ዐመድ ሆነ። «እንግዲህ የትኛው ዐመድ የእናቴ እንደ ሆነ አላውቅም፤ የሁላችንም ሆኗል። ነገር ግን ከእርሳቸው ቤት የወጣው በውስጡ አለና እስከ ማታ ድረስ ልጠርገው አልፈልግም» አለን። መሐረብ የሰጠው ባልደረባው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ነፍሳቸውን ይማር» አለ። ይህን አነጋገር ከሳምንት በፊት መማሩን እናውቅ ነበር።

የካቶሊካውያን የአምልኮ ዓመት የሚጀምረው በዕለተ ዐመድ አይደለም። የላቲን ሥርዓት በሚከተሉት ዘንድ መጀመሪያው ከልደት በፊት ካሉት አራት እሑዶች የመጀመሪያው ነው። ወቅቱም በላቲን ቋንቋ መምጣት በሚል ቃል ይጠራል፤ የመጠበቅ ጊዜ ነው። በብዙ ቤትና ቤተ ክርስቲያን በለምለም ቅጠል በተሠራ አክሊል ላይ አራት ሻማዎች ይቆማሉ፤ በየእሑዱም አንድ አንድ ይጨመርና ይበራል። የሚያስገርመው ይህ ልማድ የተገኘው ከካቶሊካውያን ሳይሆን፣ በ1839 በሐምቡርግ ከተማ ድኾች ልጆችን ያሳድግ ከነበረ ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን ከሚባል የሉተራውያን መጋቢ ነው። ልጆቹ ልደት መቼ ነው እያሉ ቢያስቸግሩት ቀኑን በሻማ እንዲቆጥሩ አደረጋቸው። በልደት ሰሞን የጌታን የልደት በረት በምስል የማሳየቱ ልማድ ግን የቆየ ነው፤ በ1223 ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ግሬቾ በምትባል መንደር ካደረገው መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ነው።

ከልደት በኋላ ጥቂት ጊዜ ያልፍና ዐቢይ ጾም ይገባል። የዐመዱ ረቡዕ ከፋሲካ በፊት 46ኛው ቀን ነው፤ ስድስቱ እሑዶች ስለማይጾሙ ሲቀነሱ 40 ይቀራል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ የደስታ 50 ቀናት አሉ። የቀረው የዓመቱ ክፍል ታላቅ ጾምም ታላቅ በዓልም የሌለበት ተራው ጊዜ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን ኖቬምበር 2 ቀን፣ ሙታን ሁሉ ይታሰቡበታል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ጊዜውን ከካህኑ ልብሰ ተክህኖ ይለየዋል፤ በመጠበቂያውና በጾሙ ወራት ወይን ጠጅ፣ በልደትና በፋሲካ ነጭ፣ በሆሣዕና፣ በጰራቅሊጦስና በሰማዕታት ቀን ቀይ፣ በተራው ጊዜ አረንጓዴ ይለበሳል።

አሁን በቤተሰብ ዘንድ ሊታሰብበት ወደሚገባው ነገር እንመለስ። በቀድሞው ጊዜ የጾሙ ሕግ ጥብቅ ነበረ። ቅዱስ ቁርባን የሚቀበል ሰው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውሃ እንኳ አይቀምስም ነበር፤ ይህም በ1953 ተሻሽሎ ውሃ ተፈቀደ፣ በ1957 የሦስት ሰዓት፣ በ1964 ደግሞ የአንድ ሰዓት ጾም ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በ1966 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ የዓመቱን ጾም ሕግ አቀለሉት። ዛሬ በላቲን ሥርዓት በሕግ የታዘዙት የጾም ቀኖች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የዐመዱ ረቡዕና ስቅለት ናቸው። በእነዚህ ቀኖች ዕድሜው 18 ዓመት ከሞላው ጀምሮ እስከ 59 ዓመት ያለ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ጠግቦ ይበላል፤ ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉም ሥጋ አይበላም።

አንዳንዶች ሕጉ ስለ ቀለለ ጾሙም ቀለለ ይላሉ። እኛ ግን ሸክሙ ከሕግ ትከሻ ወርዶ በቤተሰብ ትከሻ ላይ ዐረፈ እንላለን። ሕጉ 40ውን ቀን ሲያዝ አባት ለልጁ «ታዟል» ብሎ መመለስ ይበቃው ነበር፤ ዛሬ ግን ልጁ «ለምን እንጾማለን?» ብሎ ሲጠይቅ ምክንያቱን መናገር አለበት። ሕጉ ሲቀል የጾም፣ የጸሎትና የምጽዋት ዓላማ አልተሻረም፤ ከገበታ የተቀነሰው ለድኻ እንዲደርስ ይፈለጋል። ይህን የሚያይና የሚቆጣጠር ዳኛ የለም። ዘንባባውን ከሥዕሉ ጀርባ የሚሰካ እጅ ከቤት ከጠፋ፣ ቤተ ክርስቲያን በዓመቱ የምታቃጥለው አታገኝም።

የጾሙ ፍጻሜ የሕማማት ሳምንት ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የምእመናንን እግር ያጥባል፤ ከዚያም በኋላ መንበሩ ልብሱ ይገፈፋል፣ ደወሉም ዝም ይላል። በስቅለት ቀን የላቲን ሥርዓት በሚከተሉት ዘንድ ቅዳሴ አይቀደስም። በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት በደጅ እሳት ይቀጣጠልና የዘመኑ ቍጥር የተቀረጸበት ትልቅ የፋሲካ ሻማ ይበራል፤ ከእርሱም እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጧፍ እየለኮሰ ጨለማው ቤት በብርሃን ይሞላል። ይህ ሥርዓት ለብዙ ዘመን በቅዳሜ ጧት ሲፈጸም ቆይቶ፣ በ1951 ለሙከራ፣ ከ1956 ጀምሮ ደግሞ በሙሉ ወደ ሌሊቱ የመለሱት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ ናቸው። የሌሊት ብርሃን በቀን መብራቱ ትርጕሙን እንደሚያሳጣው ማንም ያስተውለዋል።

በአገራችን ካሉት ካቶሊካውያን አንዳንዶቹ የላቲንን ሳይሆን የግዕዙን ሥርዓት የሚከተሉ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። እነርሱ የጾሙን እሑዶች ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ እያሉ የሚጠሩ፣ በከበሮና በጸናጽል የሚያመሰግኑ ናቸው። በኢትዮጵያ ያሉ ካቶሊካውያን ልደትንና ፋሲካን ከኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻቸው ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ። በኬንያ ያሉት ግን በ1582 የወጣውን የግሪጎርዮስን አቆጣጠር ይከተላሉ። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ወደ ናይሮቢ ለሥራ የሄደ ካቶሊካዊ አንዳንድ ጊዜ ይቸገራል። በ2024 በናይሮቢ ፋሲካ ማርች 31 ቀን ሲውል፣ በአዲስ አበባ ሜይ 5 ቀን ነበረ፤ እርሱ በፈሰከ ጊዜ እናቱ ገና ጾም ላይ ነበሩ። በ2025 ግን በሁለቱም አገር ኤፕሪል 20 ቀን ዋለ። እንዲህ ያለው ሰው በስልክ ሲነጋገር በየትኛው ቀን ማንን «እንኳን አደረሰህ» እንደሚል አስቦ መናገር አለበት።

ይህም ቃል ቋንቋችንን ለሚማሩ ሁሉ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በዓል ሲመጣ «ደረስህ» አንልም፤ «እንኳን አደረሰህ»፣ ለምናከብረውም ሰው «እንኳን አደረሰዎ» እንላለን። ሰው በራሱ ኃይል ከዓመት ዓመት አይደርስም፤ የሚያደርሰው አለ ማለታችን ነው። መልሱም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው፤ ብቻውን የደረሰ የለም ማለት ነው። ቃሉ ለበዓል ብቻ ሳይሆን ለጾምም መግቢያ ይነገራል።

በዓመቱ የዐመዱ ረቡዕ እንደ ገና ደረሰ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እንደ አምናው በግንባሩ ላይ ዐመድ ይዞ ገባ። ያ እንግዳ ባልደረባው በዚህ ጊዜ መሐረብ አላወጣም። ከወንበሩ ተነሥቶ ጎንበስ አለና፣ «እንኳን ለጾሙ በሰላም አደረሰዎ» አለው።

ሰውየውም፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ መለሰ፤ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።