ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚበራ መብራት

እ.ኤ.አ. በ2022 ኤፕሪል አጋማሽ ላይ የቤት መቆጣጠሪያ ዕቃዎች የሚሠራው የአሜሪካው ኢንስቲዮን ኩባንያ ሰርቨሮች ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፉ። የቤታቸውን መብራት ለዓመታት በስልክ ሲያዙ የኖሩ ደንበኞች አፑን ቢነካኩት መልስ አጡ። አንዳንዶቹ ዕቃው የተበላሸ መስሏቸው መቆጣጠሪያውን ሪሴት አደረጉት። ነገሩ የባሰው ያኔ ነው፤ መቆጣጠሪያው እንደ አዲስ ለመነሳት ያንኑ የጠፋ ሰርቨር ይፈልግ ነበርና። በዚያው ሰሞን ይህንኑ መቆጣጠሪያ ሆም አሲስታንት በሚባል ሶፍትዌር ከቤታቸው ውስጥ ሲያዙት የነበሩ ሰዎች ግን መብራታቸው እንደ ወትሮው ይበራ ይጠፋ ነበር። ኋላ የተወሰኑ ደንበኞች ኩባንያውን ገዝተው ሰርቨሩን አስነስተውታል።

የሁለቱም ወገኖች ዕቃ አንድ ነው። የለያቸው ውሳኔው የሚሰጥበት ቦታ ነው።

የቤት መቆጣጠሪያ ማለት ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ከሴንሰሮች መረጃ ይቀበላል፣ የተሰጠውን ደንብ ያያል፣ ለአምፖሉ ወይም ለፓምፑ ትእዛዝ ይልካል። «ሮቶው ሲጎድልና የመስመር ውሃ ሲመጣ ፓምፑን አስነሳ» አንድ ደንብ ነው። በርካሽ የሚሸጡት አብዛኞቹ ዕቃዎች ይህን ደንብ የሚያኖሩት በአምራቹ ሰርቨር ላይ ነው። ሳሎን ተቀምጠን አጠገባችን ያለውን አምፖል በስልክ ስናበራ ትእዛዙ ከራውተሩ ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። ኢንተርኔቱ ደህና በሆነበት ቀን ይህ ጉዞ አይታወቅም። ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜ ግን ፓምፑም አብሮ ይቆማል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1975 ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የስኮትላንድ ኩባንያ የፈጠረው ኤክስ10 ትእዛዙን የሚልከው በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ነበር፤ የኤሌክትሪኩ ሞገድ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቅጽበት የ120 ኪሎ ኸርዝ ምልክት እየጨመረ። ዘገምተኛ ነበር፣ የሌሎች ዕቃዎች ረብሻም በቀላሉ ያምታታው ነበር። ከሩቅ ሆኖ ሊያጠፋው የሚችል ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሻጩን የምጠይቀው ስለ ዋጋው ወይም ስለ አፑ ውበት አይደለም። የራውተሩን የኢንተርኔት መስመር ነቅለን፣ ዋይፋዩ ግን እንደበራ ሆኖ፣ ዕቃው ይታዘዛል ወይ? ሱቁ ውስጥ መሞከር ከተቻለ እዚያው ይሞከር። በ2022 መጨረሻ ላይ ብቅ ያለው ማተር የተባለው የጋራ ደረጃ ዕቃው በቤት ኔትወርክ ውስጥ በቀጥታ እንዲታዘዝ ስለሚያደርግ፣ ምልክቱ ካርቶኑ ላይ ካለ ጥሩ ነገር ነው።

ቤትን ከውስጥ ሆነው ከሚያዙት ሶፍትዌሮች ሁለቱ በነፃ የሚገኙ ናቸው፦ በ2010 የተጀመረው ኦፕንሃብና ፓውሉስ ስኩትሰን በ2013 የጀመረው ሆም አሲስታንት። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የሚያውቃቸው ዕቃዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ብዙ መመሪያዎች ራዝቤሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ጫኑት ይላሉ። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ከተማ ለሚኖር ሰው ግን አሮጌ ላፕቶፕ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሆም አሲስታንት የእያንዳንዱን ሴንሰር ታሪክ ያለማቋረጥ ይጽፋል። ሲጽፍ መብራት ድርግም ካለ በሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ካርዱ ራሱም በመጻፍ ብዛት ያረጃል። የላፕቶፕ ባትሪ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢይዝ፣ ከዚህ ያድናል። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ከአምስተኛው ትውልድ በፊት የነበሩት ራዝቤሪ ፓዮች ኃይል ሲቋረጥ ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት የላቸውም፤ አምስተኛውም ቢሆን ለብቻ የሚገዛ ባትሪ ይፈልጋል። መብራት መጥቶ ኢንተርኔት ሳይመጣ ሲቀር ኮምፒዩተሯ ሰዓቱን የምትጠይቀው ታጣለች፤ የምሽት አንድ ሰዓቱ የግቢ መብራትም በማይሆን ሰዓት ይበራል። ሰው ደንቡን ደጋግሞ ያርማል፤ ደንቡ ግን ጥፋት የለበትም።

የሬዲዮው ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙዎቹ ዕቃዎች ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚነጋገሩት ዜድዌቭ ወይም ዚግቢ በሚባል ሬዲዮ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው የዜድዌቭ ዕቃ በ908 ሜጋ ኸርዝ ይናገራል፣ ከአውሮፓ የሚመጣው በ868፤ አይደማመጡም። ዚግቢ ግን በሁሉም አገር በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ስለሚሠራ ከየትም ቢመጣ ይግባባል። የሚቸግረው ዋይፋይም እዚያው ሰፈር መኖሩ ነው። ዩኤስቢ 3 መሰኪያዎችም በዚያው ሞገድ ላይ ጩኸት እንደሚለቁ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። የዚግቢው መቀበያ ላፕቶፑ ጎን ላይ ተለጥፎ ከተሰካ፣ ሳሎን ያለው ሴንሰር ደህና ሆኖ የጓዳው እየጠፋ ይመጣል። መድኃኒቱ አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ነው። መቀበያውን ከኮምፒዩተሩም ከራውተሩም አርቆ ማስቀመጥ፣ አሁንም ካልተሻለ ዚግቢውን ወደ ቻናል 25 ማዛወር ነው፤ ከተለመዱት የዋይፋይ ቻናሎች ፈንጠር ያለ ነውና።

በዚግቢ ቤት ውስጥ ከሶኬት የሚመገቡ ዕቃዎች መልእክት እየተቀባበሉ ራቅ ላለው ያደርሳሉ፤ በባትሪ የሚሠሩት ግን የራሳቸውን ብቻ ይናገራሉ። ኮሪደሩ ላይ ያለው አምፖል ለጓዳው ሴንሰር አቀባይ ሆኖ ሳለ፣ እንግዳ መጥቶ በግድግዳው ማጥፊያ ቢያጠፋው የጓዳው ሴንሰርም አብሮ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ስማርት አምፖል ከመግዛት ይልቅ ከማጥፊያው ጀርባ የሚገባውን ሪሌ፣ ማለትም በትእዛዝ የሚሠራ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ፣ እመክራለሁ። እናትም እንግዳም ማጥፊያውን እንደለመዱት ይጫኑታል፤ መቆጣጠሪያውም ሥራውን ይሠራል። ብዙዎቹ ሪሌዎች ግን ኒውትራል ሽቦ ይፈልጋሉ፣ በማጥፊያ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ፌዙ ብቻ ነው። ከመግዛት በፊት ሳጥኑን አስከፍቶ ማየት ነው።

አንድ ነገር አልሠራ ሲል ከታች ወደ ላይ መሄድ ይበጃል። ዕቃው በራሱ ቁልፍ ይበራል? ካልበራ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። በቁልፉ በርቶ ከመቆጣጠሪያው ገጽ ላይ ሲታዘዝ እምቢ ካለ፣ ሬዲዮው ወይም ኔትወርኩ ነው። ከገጹ ታዝዞ በሰዓቱ ካልበራ፣ ደንቡ ወይም ሰዓቱ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር አለበት፤ ሦስት ነገር አብሮ ከተቀየረ የተስተካከለው በየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሪሴት የመጨረሻው እርምጃ ይሁን፤ ከዚያ በፊትም የመቆጣጠሪያው ደንቦችና ማስተካከያዎች ቅጂ በሌላ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ።

አዲስ የዋይፋይ ዕቃ ስልኩ ሊያገኘው ካልቻለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ በ5 ጊጋ ኸርዝ ላይ ስላለ ነው። ርካሾቹ ዕቃዎች የሚያውቁት 2.4ቱን ብቻ ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ በሌሊት ሁሉም አምፖል ቦግ ካለም በዕቃው ማስተካከያ ውስጥ «ኃይል ሲመለስ» የሚለውን ፈልጎ «ጠፍቶ ይቆይ» ማድረግ ነው።

ምጣድን በተመለከተ ግን ጉዳዩ የደህንነት ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ብዙዎቹ ስማርት ሶኬቶች ደግሞ የሚችሉት 10 አምፔር ነው። በሶኬቱ ውስጥ ያለው ሪሌ ጥርሶች ይግላሉ፣ አንዳንዴም ተጣብቀው ይቀሩና ስልኩ «ጠፍቷል» እያለ ምጣዱ ይነዳል። የውሃ ፓምፕም ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። ለእነዚህ ስማርት ሪሌው ኮንታክተር የሚባለውን የከባድ ጭነት ማብሪያ ብቻ ያስነሳ፣ ከባዱን ጭነት ኮንታክተሩ ይሸከም። ገመዱንም ብሬከሩንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው።