ጠጅ በሻንጣ፦ የሚወራውና እውነቱ

ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት አሳልፎ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ሰው ሻንጣ ሲያዘጋጅ መካሪው ብዙ ነው። በበርበሬው፣ በሽሮውና በድርቆሹ ማንም አይከራከርም። ጠርሙስ ሲመጣ ግን አንዱ «ሰማይ ላይ ይፈነዳል» ይላል፣ ሌላው «ጉምሩክ ይወርስብሃል»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሃይላንድ ውስጥ ገልብጠው፣ ማን ያውቃል!»። አብዛኛው ልክ አይደለም፤ የመጨረሻው እንዲያውም አደገኛ ነው።

ከፍንዳታው እንጀምር። ብዙ ሰው የሻንጣው ክፍል አየር የሌለበት ቦታ ይመስለዋል። በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ግን እዚያ ያለው የአየር ግፊት እኛ ከተቀመጥንበት ክፍል ጋር አንድ ነው። አውሮፕላኑ የቱንም ያህል ከፍ ቢል፣ ግፊቱ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው በታች እንዳይወርድ ይደረጋል። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው! ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የታሸገ ጠርሙስ በጉዞው ላይ የሚያገኘው ግፊት ሲታሸግ ከነበረው እምብዛም አይለይም። ለውጡ የሚመጣው ሲያርፍ ነው፤ ዋሽንግተን ለባሕር ጠለል ቅርብ ስለሆነች የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል እንጂ አያብጥም።

ታዲያ የስንቱ ሰው ልብስ ጠጅ ጠጥቶ የደረሰው ለምንድን ነው? ነገሩ ያለው ጠጁ ላይ ነው። የቤት ጠጅ ውስጥ እርሾው ሕያው ነው። የማሩ ስኳር እስካለ ድረስ አልኮልና ጋዝ መሥራቱን አያቆምም፤ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይብስበታል። ጥብቅ አድርገን ስንከድነው ጋዙ መውጫ ያጣና ቡሹን ይገፋል፣ ወይም ጠርሙሱን ይሰነጥቃል። ይህ ጓዳ ውስጥ ቆሞም ይደርስበታል። ከመነሳትዎ ከጥቂት ቀናት በፊት ጠጁን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ከድነው ይፈትኑት። በማግስቱ ጎኑን ሲጫኑት አልበገር ካለ፣ ክዳኑንም ሲያላሉት ፍስስ ካለ፣ ያ ጠጅ ገና ነው፤ ለመንገድ አልደረሰም። ተጣርቶና እርሾው እንዲቆም ተደርጎ በፋብሪካ የታሸገ ጠጅ ግን ይህ ችግር የለበትም። እሱንም ቢሆን አፉን በፕላስተር አሽጎ፣ በሁለት ፌስታል ከትቶ፣ በጋቢ ጠቅልሎ ከሻንጣው መሃል ማስቀመጥ ነው፤ ከበርበሬው አርቆ። እናት ለወር ያህል ስታደርቅ፣ ስታስፈጭና ስትነፋ የከረመችው በርበሬ በአንድ ጠርሙስ ስብራት ሲበላሽ አንጀት ያሳርራል።

አሁን ወደ ሃይላንዱ። የአየር ጉዞ ደህንነት ደንብ መጠጥን የሚለየው በጥንካሬው ነው። አልኮሉ ከ24 በመቶ የማይበልጥ መጠጥ፣ ማለትም ቢራ፣ ወይንና ጠጅ፣ በሚጫነው ሻንጣ ሲሄድ በደህንነት ደንቡ የሊትር ገደብ የለበትም፤ የሚገድብዎት ኪሎው ነው። ከ24 በላይ እስከ 70 በመቶ የሆነው ለአንድ መንገደኛ እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ግን ለገበያ በታሸገበት ዕቃ፣ ሳይከፈት መሆን አለበት። ከ70 በመቶ በላይ የሆነው በእጅም በሻንጣም ክልክል ነው፤ ለምሳሌ የኦስትሪያው ስትሮህ 80። የቤት አረቄ እንግዲህ መሃለኛው ክፍል ውስጥ ይወድቃል፦ ተራው 35 በመቶ፣ ዳግሙ ደግሞ 45 በመቶ አካባቢ ነው። በውሃ ጠርሙስ ሲገለበጥ ስምም መጠንም የለው። ፈታሹ በቀላሉ እሳት የሚይዝ ፈሳሽ ምን ያህል እንደተጫነ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለ መጣሉ አይገርምም። ከፍተሻው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያ ሃይላንድ ቢያልፍስ? ቤት ደርሶ ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል።

ይህን 5 ሊትር ከጉምሩኩ 1 ሊትር ጋር ማደባለቅ ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። የመጀመሪያው የአውሮፕላኑ ደህንነት ጉዳይ ሲሆን ሁለተኛው የቀረጥ ነው። አሜሪካ ሲገቡ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው 1 ሊትር መጠጥ ያለ ቀረጥ ያስገባል። ከዚያ በላይ ያለው ይወረሳል የሚባለው ግን ሐሰት ነው። ለራስ መጠጫ ወይም ለስጦታ እስከሆነ ድረስ አስመዝግቦና ከፍሎ ማስገባት ይቻላል፤ የክፍለ ግዛት ሕግ የራሱ ገደብ ሊኖረው እንደሚችል ሳይረሳ። የተለመደው ወይን የፌዴራል ኤክሳይስ ታክስ ለአንድ ጋሎን፣ ማለትም ለ3.8 ሊትር ገደማ፣ 1 ዶላር ከ7 ሴንት ነው። ቀረጥ ቢታከልበትም ለሁለት ሦስት ጠርሙስ ጉደር ወይም አክሱማይት የሚያስጨንቅ ገንዘብ አይደለም። የሚያስወርሰውና የሚያስቀጣው መደበቁ ነው። ወገኖቼ ለጥቂት ዶላር ብለው «የለኝም» ሲሉ፣ ጠርሙሱንም የጉምሩክ ሠራተኛውንም አመኔታ ማጣታቸው ያሳዝነኛል።

ዲዩቲ ፍሪ የተገዛውም ከዚህ አያመልጥም። ነፃ የሆነው ከተገዛበት አገር ቀረጥ ነው እንጂ ከሚገባበት አይደለም፤ ከዚያው ከ1 ሊትሩ ይቆጠራል። ዋሽንግተን ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ አርፈው ወደ ዴንቨር ወይም ሲያትል የሚቀጥሉ ደግሞ ሌላ ፍተሻ ይጠብቃቸዋል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው የ100 ሚሊ ሊትር ደንብ ይሠራል። ከገዙ 48 ሰዓት ካልሞላው፣ ሻጩ ያሸገው ልዩ ከረጢትም ካልተከፈተ ሊያልፍ ይችላል። የሚሻለው ግን ከጉምሩክ እንደወጡ፣ ሻንጣውን መልሰው ከማስረከብዎ በፊት ጠርሙሱን እዚያው መክተት ነው።

ወደ አውሮፓ የሚመለሱት ቁጥሩ ይለይባቸዋል። ዕድሜው 17 የሞላ ሰው ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲገባ ከ22 በመቶ በላይ የሆነ መጠጥ 1 ሊትር፣ በተጨማሪም 4 ሊትር ወይንና 16 ሊትር ቢራ ያለ ቀረጥ ያስገባል። ሪያድ፣ ጅዳ ወይም ኩዌት ለሚገባ ወገን ግን የሚቆጠር ሊትር የለም፤ መጠጥ ይዞ መግባት ጨርሶ ክልክል ነው፣ የፋብሪካ እሽግም ቢሆን፣ ስጦታም ቢሆን። ወደዚያ ለሚሄድ ልጅ «ለእገሌ አድርስልኝ» ብሎ ጠርሙስ መስጠት እስር ማሸከም ሊሆን ይችላል።